የተገለጠ ምድር ሒሳብ፦ ኮምፒውተር የገጸ ምድር ማዕድን ቁፋሮን ጉዳት እንዴት ይመዝናል?

(የመግቢያ ዜማ ለጥቂት ጊዜ ይሰማና ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን፣ ሰው ማዕድን ፍለጋ የምድርን ገጽ ገልጦ በሚቆፍርበት ጊዜ በተራራው፣ በደኑና በወንዙ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በኮምፒውተር አማካይነት እንደምን እንደሚመረመርና እንደምን እንደሚመዘን የሚያስረዳ ነው። ሰፊውን ነገር በደፈናው ከመተረክ አንድ አገርና አንድ ወንዝ ይዞ መናገር ለአድማጭም ለተናጋሪም የሚቀል ስለሆነ፣ ወደ ሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በተለይም ወደ ዌስት ቨርጂንያ ግዛት ተራሮች እንሻገራለን፤ የገጸ ምድር ቁፋሮ ያደረሰው ጉዳት እንደዚያ ስፍራ በዝርዝርና በቁጥር የተመረመረበት አገር ጥቂት ነውና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

የአፓላቺያ ተራሮች በዕድሜ እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት የዓለም ተራሮች ወገን የሚቆጠሩ ናቸው፤ አናታቸው በብዙ ዘመናት ዝናምና ነፋስ ተሸርሽሮ የለዘበ፣ ጎናቸው ግን ገደላማ የሆነ፣ ከላይ እስከ ታች በልዩ ልዩ ዕፀዋት የተሸፈኑ፣ በየሸለቆአቸውም ሰው በአንድ እርምጃ የሚሻገራቸው ቀጫጭን ምንጮች የሚወርዱባቸው ናቸው። የድንጋይ ከሰሉ በእነዚህ ተራሮች ሆድ ውስጥ በአግድም ተነጥፎ ይገኛል፤ አንዱ ንጣፍ ከሌላው በላይ ሆኖ፣ በመካከላቸው ወፍራም የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ገብቶ ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ማዕድን አውጪው ከተራራው ጎን ዋሻ እየማሰ ይገባና ከሰሉን በጨለማ ውስጥ እየፈለጠ ያወጣ ነበር፤ ኋላ ግን ንጣፉ ለዋሻ ሥራ የማይመች ቀጭን በሆነበት ቦታ ሁሉ፣ ተራራውን ከአናቱ ጀምሮ ገፎ ከሰሉን ለፀሐይ ማጋለጥ በጥቂት ሠራተኛ ብዙ ቶን የሚያስገኝ ዘዴ ሆኖ ተገኘ።

የሥራው ሂደት እንዲህ ነው። ሠራተኞቹ አስቀድመው ደኑን ይመነጥራሉ፤ ቀጥሎም አለቱን በመሰርሰሪያ ይበሱና አሞኒየም ናይትሬትና ናፍጣ የተቀላቀለበትን ፈንጂ በየቀዳዳው ሞልተው ያፈነዱታል፤ የፈራረሰውን ድንጋይ ከትልቅ ፎቅ ቤት የሚተካከል ግዙፍ መቆፈሪያ መኪና እየዛቀ ያነሣዋል፤ ከሰሉ ተጭኖ ከሄደ በኋላም የሚቀጥለው ንጣፍ እስኪገለጥ ድረስ ይኸው ይደገማል። እዚህ ላይ አድማጭ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንሻለን። አለት ሲሰበር በስብርባሪው መካከል ባዶ ቦታ ስለሚፈጠር ከቀድሞ መጠኑ ይበልጣል፤ ከጉድጓድ የወጣ አፈር ተመልሶ ጉድጓዱን ሞልቶ እንደሚተርፍ ማለት ነው። ስለዚህ የተራራው አናት እንደ ነበረ ሊመለስ ቢታሰብ እንኳ ትርፉ ድንጋይ የሚጣልበት ስፍራ ያስፈልገዋል፤ የሚጣለውም በአቅራቢያው ባለው ሸለቆ፣ በዚያ በቀጭኑ ምንጭ ላይ ነው። በማዕድን ባለሙያዎች ዘንድ የሸለቆ ሙሌት የሚባለው ይህ ነው።

በሸለቆ የሚከመር የማዕድን ጥራጊ ለሰው ሕይወትም አደጋ ነው። በ1972 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ፣ በዚያው በዌስት ቨርጂንያ፣ በቡፋሎ ክሪክ ሸለቆ ላይ ከከሰል ዝቃጭ ተከምሮ የተሠራ ግድብ ተንዶ 125 ሰዎች አለቁ። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የገጸ ምድር ማዕድን ቁፋሮን የሚቆጣጠርና የተቆፈረው መሬት እንዲያገግም የሚያስገድድ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ቆፋሪው መሬቱን ወደ ቀድሞ ቅርጹ በተቻለ መጠን እንዲመልስ ያዝዛል፤ ተራራው ተደልድሎ ለሌላ ጥቅም የሚውል ከሆነ ግን ከዚህ ግዴታ የሚወጣበትን በር ይከፍታል። ከዚህም ጋር ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በአንድ አካባቢ የሚካሄደው ቁፋሮ ሁሉ ተደምሮ በውኃው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ እንዲገምት ያዝዛል። ትእዛዙ መልካም ነበረ። ዳሩ ግን ፈቃድ የሚጠየቀው በየማዕድኑ፣ በየዓመቱ፣ በየኩባንያው ስለሆነ፣ መዝገቡም በየሣጥኑ ተበታትኖ ስለሚቀመጥ፣ አንዱ ጠያቂ የሚያቀርበው ጉዳት ብቻውን ሲታይ ምንጊዜም ትንሽ ይመስላል፤ ወንዙ ግን የሁሉንም ይቀበላል። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የገጸ ምድር ቁፋሮ ጉዳት በድምሩና በዘመን ርዝመቱ የሚታወቅ ጉዳት ስለሆነ፣ አንድ መርማሪ በአንድ ቀን ጉብኝት በዓይኑ አይቶ ሊፈርደው የማይቻል ነው፤ ኮምፒውተርም ለዚህ ሥራ ያስፈለገው ብዙ ዓመታትንና ብዙ ጉድጓዶችን በአንድነት ይዞ መደመር ስለሚችል ነው።

ለድምሩ ምስክር የሆነው ነገር የተገኘው ከጠፈር ነው። ያ ግድብ በተናደበት በ1972 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ የምድርን ገጽ ለመመዝገብ የተሠራችው የመጀመሪያዪቱ ሳተላይት፣ ኋላ ላንድሳት የተባለችው፣ ወደ ሰማይ ተላከች። ከእርስዋም በኋላ እኅቶችዋ ተከታተሉ፤ በ1984 ዓ.ም. የተላከችው አምስተኛይቱ ላንድሳት ለ3 ዓመት አገልግሎት ታስባ ሳለ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ሠራች። ይህች ሳተላይት በየ16 ቀኑ ወደ አንድ ስፍራ እየተመለሰች፣ ምድሪቱን እያንዳንዱ ጎኑ 30 ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን እየከፋፈለች፣ ከእያንዳንዱ የሚንጸባረቀውን ብርሃን በቁጥር ትመዘግብ ነበር። 30 ሜትር በ30 ሜትር በአገራችን ልማድ ከአንድ ጥማድ መሬት ሲሶ ያህል የሚሆን ቁራሽ ነው፤ ባለሙያዎቹ ፒክስል ይሉታል። በ2008 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ይህን መዝገብ ከጥንት እስከ አሁን ለዓለም ሁሉ በነጻ ከፈተው። ቀድሞ እያንዳንዱ ሥዕል በገንዘብ ይገዛ ስለ ነበር፣ ተመራማሪ የሚችለው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት መርጦ ማነጻጸር ብቻ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን የ30 ዓመቱን መዝገብ ዓመት ሳይዘል መመርመር ተቻለ።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ ይህን የቁጥር መዝገብ ይዞ ምን ያደርጋል? ሕይወት ያለው ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀዩን ወገን ምግቡን ለመሥራት ይመጥጠዋል፤ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን፣ ለሰው ዓይን የማይታየውን፣ ታኅተ ቀይ የሚሉትን ኅብረ ብርሃን ግን አብዛኛውን ወደ ሰማይ መልሶ ይወረውረዋል። የተራቆተ አለት በሁለቱ መካከል ይህን ያህል አያበላልጥም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ቀዩን ከታኅተ ቀዩ ቀንሰው ልዩነቱን ለድምራቸው ያካፍሉታል። ለምሳሌ ያህል ከአንዱ ፒክስል የተመለሰው ታኅተ ቀይ 50 በመቶ፣ ቀዩ ደግሞ 5 በመቶ ቢሆን፣ ልዩነቱ 45፣ ድምሩ 55 ነውና ውጤቱ 0.82 ይሆናል፤ ይህ ለምለም ደን ነው። ከሌላው ፒክስል የተመለሰው ታኅተ ቀይ 25፣ ቀዩ 20 ቢሆን ግን፣ ልዩነቱ 5፣ ድምሩ 45 ነውና ውጤቱ 0.11 ብቻ ይሆናል፤ ይህ የተገፈፈ መሬት ነው። ስሌቱን አንድ ተማሪ በወረቀት ሊሠራው ይችላል። አስቸጋሪው ነገር በአፓላቺያ በ4 ግዛቶች ውስጥ ላሉ 74 አውራጃዎች፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ ለእያንዳንዱ ዓመት መሥራቱ ነው።

ይህን የሠሩት አንድሩ ፔሪካክና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ከዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ ስካይትሩዝ ከሚባለው ድርጅትና ከሌሎችም ወገኖች ተባብረው ጥናታቸውን በ2018 ዓ.ም. አሳተሙ። የተጠቀሙበት ጎግል ኧርዝ ኤንጂን የተባለው ሥርዓት፣ የላንድሳትን መዝገብ በሙሉ በአንድ ስፍራ ይዞ ስሌቱን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አከፋፍሎ የሚሠራ ነው። ዘዴአቸው ብልሃት ያለበት ስለሆነ ጥቂት እንዘርዝረው። በዚያ እርጥብ አገር በሙቀት ወራት ሳይለመልም የሚቀር መሬት እምብዛም የለም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፒክስል በዚያ ዓመት የሙቀት ወራት ከታየው ሁሉ እጅግ ለምለሙን ቁጥር ብቻ ይወስዳሉ፤ በዚህም ዘዴ ደመና የሸፈናቸው ቀኖች ከሒሳቡ ይወጣሉ። ከተማው፣ ጎዳናውና ወንዙ አስቀድሞ በካርታ ተለይቶ ከተነሣ በኋላ፣ በለምለም ወራት ሁሉ ተራቁቶ የተገኘው ፒክስል የማዕድን ቁፋሮ ነው ተብሎ ይመዘገባል። ይህም እንደ ተገኘ የሚታመን አይደለም፤ ሰዎች ጥርት ያሉ የአውሮፕላን ፎቶግራፎችን እያዩ ማሽኑ የት እንደ ሳተ ያመሳክራሉ። ውጤቱ ከ1985 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በአዲስ የተቆፈረው መሬት ወደ 2,900 ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኑን አሳየ፤ አዲስ አበባን ከ5 ጊዜ በላይ የሚያህል ስፋት ነው። ከዚያ በፊት የተቆፈረው ሲጨመር ደግሞ ጠቅላላው ወደ 5,900 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሌላም ነገር ተገለጠ፤ ቀላሉ ከሰል አስቀድሞ ስላለቀ፣ አንድ ቶን ለማውጣት የሚገፈፈው የመሬት ስፋት ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2015 ዓ.ም. ወደ 3 እጥፍ ገደማ አደገ። የከሰሉ ምርት ሲቀንስ ጉዳቱም በዚያው ልክ የሚቀንስ ይመስላቸው ለነበሩት ሁሉ ይህ ቁጥር መልስ ሰጥቷል።

(አጭር የማሸጋገሪያ ዜማ)

ስፋቱን ካወቅን ጥልቀቱን እንይ፤ ተራራ ርዝመትና ወርድ ብቻ ያለው ነገር አይደለምና። ኮምፒውተር የመሬትን ከፍታ በፍርግርግ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቁጥር ሰጥቶ ይይዛል፤ ይህን የአሐዝ ካርታ ልንለው እንችላለን። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የተሠራ የአሐዝ ካርታና ካለቀ በኋላ የተሠራ ሌላ ካርታ ካለ፣ የፊተኛውን ከኋለኛው መቀነስ ብቻ ይበቃል፤ ልዩነቱ ከዜሮ በታች የሆነበት ስፍራ ተራራው የተቆረጠበት ነው፤ ከዜሮ በላይ የሆነበትም ሸለቆው የተሞላበት ነው። ማቲው ሮስ፣ ኤሚሊ በርንሃርትና ባልደረባቸው በ2016 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት በደቡባዊ ዌስት ቨርጂንያ ይህን አደረጉ። በሸለቆዎቹ የተሞላው ድንጋይ 6.4 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ሙሌቱም በአንዳንድ ስፍራ እስከ 200 ሜትር ይጠልቃል። የተቆፈረው ምድር ከቀድሞው በ40 በመቶ ያህል ደልዳላ ሆኗል፤ ከቁፋሮው በፊት በብዛት ይገኝ የነበረው የመሬት ገጽ 28 ዲግሪ የሚያዘነብል ገደላማ ጎን ሲሆን፣ ከቁፋሮው በኋላ ግን በብዛት የሚገኘው 2 ዲግሪ ብቻ የሚያዘነብል ሜዳ ነው። ደልዳላ መሬት ምን ክፋት አለው የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። የውኃውን ነገር ሲሰማ ይገባዋል። ቀድሞ በጠንካራው አለት ላይ በፍጥነት ይወርድ የነበረው ዝናም፣ አሁን በዚያ በተከመረው ስብርባሪ ውስጥ ሰርጎ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ በቆየም ቁጥር አዲስ ከተፈነከተው ድንጋይ ጨውንና ማዕድናትን እያሟሟ ይወጣል።

ስለዚህ ወደ ወንዙ እንውረድ። መድ የሚባለው ወንዝ በቡን አውራጃ ከሚገኙት ተራሮች ይመነጫል፤ በላዩም ሆቤት የሚባለው ሰፊ የከሰል ቁፋሮ ተዘርግቶ ይኖር ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሡትን የላንድሳት ሥዕሎች በየዓመቱ ደርድሮ ለሚመለከት፣ ያ ቁፋሮ ከአንዱ ኮረብታ ወደሚቀጥለው እየተሻገረ፣ ከ10,000 ኤከር በላይ ማለትም 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል እስኪሆን ድረስ መስፋቱ በግልጽ ይታያል። ከኋላው አረንጓዴ መልክ ተመልሶ ይታያል፤ ይህም በተደለደለው መሬት ላይ የተዘራ ሣር ነው። ሣሩን ሳተላይትዋ በለምለምነት ትቆጥረዋለች፤ የነበረውን ደንና የተሞላውን ምንጭ የሚተካ ግን አይደለም፤ ስለዚህ አረንጓዴ ቁጥር ያየ መርማሪ መሬቱ አገገመ ብሎ ከመፍረዱ በፊት የትኛው ተክል እንደ በቀለ መጠየቅ ይገባዋል።

ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተመራማሪዎች በዚህ ወንዝ ላይ የሠሩት ሥራ፣ በ2011 ዓ.ም. የታተመው፣ በእኔ ዘንድ ከሁሉም የበለጠ አስተማሪ ነው። ወደ 28 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የተቆፈረና ያገገመ የተባለ መሬት፣ ከዚያም ወደ ወንዙ የሚገቡ ከ100 በላይ የማዕድን ውኃ መውጫዎች በነበሩበት በዚያ ተፋሰስ ውስጥ 23 ቦታዎችን መረጡ። በእያንዳንዱ ቦታ ወደ ውኃው ወርዶ በእጅ የሚያዝ መለኪያ መንከር ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ውኃው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ይነግራል፤ ንጹሕ የተራራ ውኃ ጥቂት ብቻ ያስተላልፋል፤ የተሟሟ ጨው በበዛበት ቁጥር ግን ማስተላለፉ ይጨምራል። ከዚህም ሌላ ውኃው በጠርሙስ ተቀድቶ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል። ተመራማሪዎቹ ከዚህ በኋላ የአሐዝ ካርታውን ይዘው፣ ከእያንዳንዱ ቦታ በላይ ያለው ውኃ ከየትኛው መሬት እንደሚሰበሰብ ወሰኑ፤ ኮምፒውተሩ ውኃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ የሚሄድበትን መንገድ ከፒክስል ወደ ፒክስል እየተከተለ ወሰኑን ያሰምራል። ከዚያም በዚያ ወሰን ውስጥ ስንት በመቶ መሬት እንደ ተቆፈረ ይቆጥራል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሥርዓቱ ተገለጠ፤ ከላይ የተቆፈረው መሬት በጨመረ መጠን በውኃው ያለው ሰልፌት፣ ማግኒዚየምና ሴሊኒየም በዚያው ልክ ጨምሯል። ለእያንዳንዱ መውጫ ተለይቶ ሲታይ ሕጋዊና ጥቂት የመሰለው ነገር፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተጨመረ ወንዙን ለወጠው። ከቁፋሮ ነጻ ከወጡና አገገሙ ከተባሉ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጉ ስፍራዎች እንኳ ጨዋቸውን ለወንዙ መስጠታቸውን አልተዉም ነበር።

ሴሊኒየም በጥቂት መጠን ለሕይወት የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ነው፤ ሲበዛ ግን በዓሣ እንቁላል ውስጥ ይከማችና ጫጩቱ አካሉ የተዛባ ሆኖ እንዲፈለፈል ያደርጋል፤ በመድ ወንዝ ላይ ከማዕድኑ በታች ባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅም እንደዚህ ያሉ ጫጩቶች ተገኝተዋል። ጨውም ብቻውን ጉዳት አለው፤ በንጹሕ ምንጭ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ፣ ዓሣና ወፍ የሚመገቧቸው ጥቃቅን ነፍሳት ከሁሉ አስቀድመው ይጠፋሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 ዓ.ም. ለዚያ አገር ምንጮች ያወጣው መመዘኛ 300 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ነው፤ ማለትም የውኃው ማስተላለፍ ከዚህ ካላለፈ ከአገሬው ነፍሳት ወገኖች 95 በመቶው ሊድኑ ይችላሉ ማለት ነው።

ኤሚሊ በርንሃርትና ባልደረቦቻቸው በ2012 ዓ.ም. ይኸንኑ ሐሳብ ከአንድ ወንዝ ወደ መላው ደቡባዊ ዌስት ቨርጂንያ አሰፉት። ከሳተላይት የተገኘውን የቁፋሮ ካርታ ከ223 ምንጮች ከተሰበሰበ የውኃና የነፍሳት መረጃ ጋር አገናኝተው፣ ከቁፋሮው በላይ ወይም በታች ያለው እያንዳንዱ የወንዝ ክፍል በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ አሰሉ። የተቆፈረው መሬት ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ሲሆን፣ የተጎዳው የወንዝ ርዝመት ግን ከ22 በመቶ በላይ ሆነ። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው፤ በካርታ ላይ የሚታየውን ጉድጓድ ብቻ የሚለካ ሰው ጉዳቱን ከአራት እጅ በላይ አሳንሶ ይገምታል፤ ውኃ የጉድጓዱን ወሰን አያውቅምና።

ሌሎችም ሥርዓቶች አሉ፤ በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ጉድጓዱ እንዳይሞላ ውኃው በሞተር ሲሳብ በአካባቢው ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ምን ያህል እንደሚወርድ ለመገመት፣ የአሜሪካ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ የሚሰጠው ሞድፍሎው የተባለ ፕሮግራም አለ። ከፍንዳታና ከመኪና የሚነሣውን አቧራ ነፋስ ወዴት እንደሚወስደው የሚያሰሉም አሉ። የአፈር መሸርሸርን የሚገምተው ስሌት ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የዝናሙን ኃይል፣ የአፈሩን ጠባይ፣ የመሬቱን ርዝመትና ተዳፋትነት፣ ሽፋኑንና የጥበቃ ሥራውን እያባዙ በዓመት የሚጠፋውን አፈር የሚያገኙበትን ስሌት አወጡ፤ ሃንስ ሁርኒ የተባሉት ስዊዘርላንዳዊ ሊቅ በ1985 ዓ.ም. ይህን ስሌት ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርገው አዘጋጁት። ለእርሻ የተሠራው ይኸው ስሌት በ1998 ዓ.ም. ለተቆፈረና ለሚያገግም የማዕድን መሬት እንዲሆን መመሪያ ተጽፎለታል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ቁጥር ለእያንዳንዱ ፒክስል እያባዛ፣ ከተከመረው አፈር የትኛው ጎን አስቀድሞ እንደሚናድና የደለል ማቆሪያ ኩሬው የት መሠራት እንዳለበት ያመለክታል።

በአገራችንም በጉጂ ምድር በለገደንቢ ወርቅ፣ በሙገር ደግሞ ለሲሚንቶ የሚሆን የኖራ ድንጋይ የምድር ገጽ እየተገለጠ ሲወጣ ኖሯል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የአንድ ፕሮጀክት ተጽዕኖ በሚገመገምበት ጊዜ መጠኑና ቦታው፣ የሚቆይበት ዘመንና የሚመለስ ወይም የማይመለስ መሆኑ፣ ከሌሎች ተጽዕኖዎች ጋር ሲደመር የሚያስከትለውም ነገር እንዲታይ ያዝዛል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሳተላይት መዝገብ የእኛንም ምድር የሚጨምር፣ በነጻም የሚገኝ ነው፤ ስሌቱንም የሚሠሩ ወጣቶች በየዩኒቨርሲቲው አሉ። ሳተላይት የማትሰጠን የውኃውን መዝገብ ነው። ከሰማይ ሆኖ ሴሊኒየምን፣ አርሴኒክን ወይም ሜርኩሪን በቀጭን ምንጭ ውስጥ የሚያይ መሣሪያ የለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት፣ በክረምትም በበጋም፣ ከምንጩ ውኃ እየቀዳ የሚለካና ውጤቱን ከነቀኑና ከነቦታው የሚጽፍ ሰው መኖር አለበት። የመነሻ መዝገብ የሌለው ወንዝ ቢጎዳ፣ ጉዳቱን ለማስረዳት የሚቀርብ ማስረጃ አይገኝም፤ ኩባንያው ቀድሞም እንዲህ ነበረ ሲል የሚመልስለት አይኖርም፤ ባለ መንደሩም የልጆቹን ሕመም ይዞ ማስረዳት የማይችለውን ክርክር ይከራከራል። ይህን ሥራ የሚሠራ ባለሙያ በየወረዳው መመደብ፣ የለካውንም ቁጥር ማንም ዜጋ እንዲያየው ማድረግ፣ ፈቃድ ከመስጠት በፊት መቅደም ያለበት ነገር ነው ብለን እናምናለን።

በመጨረሻ የዘመን ነገር ይቀረናል። በ1977 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ቆፋሪው መሬቱን ለማዳኑ ዋስ የሚሆን ገንዘብ ያስይዛል፤ ዝናም በሚበዛበት አገር የተተከለው ተክል እንዲጸና ኃላፊ የሚሆነው ለ5 ዓመት፣ በደረቅ አገር ደግሞ ለ10 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ተፈላጊውን አሟልቶ ከተገኘ ገንዘቡ ይመለስለታል። በመድ ወንዝ ላይ ግን አገገሙ ከተባሉ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሙሌቶች ጨው ማፍሰሳቸውን አለማቆማቸው ተለክቷል። ሆቤትም በ2015 ዓ.ም. ባለቤቱ ኩባንያ በከሰረበት ዓመት ሥራውን አቆመ። የዋስትናው ዘመን በተክሉ መጽናት ተቆጥሮ ሳለ ጉዳቱ የሚቆየው በውኃው ሒሳብ ስለሆነ፣ ለአዲስ ቁፋሮ ዋስትና የሚወስን ማንኛውም መንግሥት የገንዘቡን መጠንና የሚመለስበትን ቀን ከማዕድኑ በታች በሚለካው ውኃ ላይ እንዲያስር ያስፈልጋል፤ የመለኪያው መዝገብም ኩባንያው ከሄደ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይቋረጥ መያዝ ይኖርበታል። በሚቀጥለው ዝግጅታችን የውኃ መለኪያ መሣሪያዎችን ዓይነትና አያያዝ እናስረዳለን።

(የመዝጊያ ዜማ)